ገዥ የማይመረጥበት ዓመት

ጃንዋሪ 4 ቀን 2018፣ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ አባላት በካሜራና በጋዜጠኛ በተሞላ አዳራሽ ፊት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት የመጣ ሰማያዊና ነጭ ጎድጓዳ የሸክላ ዕቃ አለ። ሁለት ብጣሽ ወረቀቶች ለሕዝብ ታዩ፤ አንዱ ላይ ዴቪድ ያንሲ፣ ሌላው ላይ ሼሊ ሳይመንድስ የሚል ስም ሰፍሯል። ወረቀቶቹ እየተጠቀለሉ የድሮ ካሜራ ፊልም ይቀመጥባቸው በነበሩ ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ገቡ፤ ብልቃጦቹም ሸክላው ውስጥ ተጨመሩ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጁን ሰዶ አንዱን አወጣ፤ ከፍቶም «ዴቪድ ያንሲ» ብሎ አነበበ።

መቶ መቀመጫ ያለው የግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት በማን እጅ እንደሚሆን የተወሰነው በዚህ ዕጣ ነው። ያንሲ በመውጣቱ ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 አብላጫቸውን ይዘው ቀሩ። የሳይመንድስ ስም ወጥቶ ቢሆን ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይከፈል ነበር።

ዕጣ ላይ ያደረሳቸው መንገድ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ኒውፖርት ኒውስ በሚባለው የመርከብ ግንባታ ከተማ፣ በ94ኛው የምርጫ ወረዳ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 2017 ድምፅ ተሰጠ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ በለጠ። ዲሴምበር 19 ቀን ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንድስ 11,608 ለ11,607 አሸነፈች። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት አከራካሪ የድምፅ መስጫ ወረቀት ቀረበችላቸው። ስሙ የማይታወቀው መራጭ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ አጥቁሮ፣ በሳይመንድስ በኩል መስመር ሰርዞበታል። ዳኞቹ ድምፁ ለያንሲ ይቆጠር አሉ፤ 11,608 ለ11,608 ሆነ። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ እኩል ለእኩል የወጡ ሰዎች በዕጣ ይለዩ ይላል።

ድምፅ በተሰጠበት ቀን በመላው ቨርጂኒያ ከተመዘገበው መራጭ ድምፁን የሰጠው 47.6 በመቶ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው ቤቱ፣ ሥራው ወይም መንገድ ላይ ዋለ ማለት ነው። በ94ኛው ወረዳ ከቀሩት መካከል አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከሥራ መልስ ወደ ምርጫ ጣቢያው ጎራ ብሎ ለአንዳቸው ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ያ ሸክላ ከሙዚየሙ ባልወጣ ነበር።

ከምርጫው በኋላ የሆነውን ማወቅ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በ2017 ሪፐብሊካኖች ከ66 መቀመጫ ወደ 51 መውረዳቸው ምክር ቤቱን አናወጠው። ለዓመታት ሲታገድ የኖረው ሜዲኬይድን የማስፋፋት ውሳኔ በ2018 አለፈ፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮም ወደ 400 ሺህ የሚገመቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን ማግኘት የሚችሉበት በር ተከፈተ። በ2019 ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሲይዙ ደግሞ በዓመቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሕግ ወጣ፤ ከፌዴራሉ 7.25 ዶላር ያልራቀው ክፍያ ከሜይ 2021 ጀምሮ ወደ 9.50፣ ቀጥሎም ወደ 11 እና ወደ 12 ዶላር ከፍ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች የመንጃ ካርድ መስጠትም የተፈቀደው በዚያው በ2020 ስብሰባ ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ለሚኖረው ብዙ ሺህ ሐበሻ፣ ለፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ለአረጋውያን አስታማሚዋ፣ ዳለስ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ለሚጠብቀው ሾፌር፣ ከዋሽንግተኑ ኮንግረስ ይልቅ ኪሱንና ጤናውን የሚነካው የሪችመንዱ ምክር ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው ግን ወደ ዋሽንግተን ነው የሚያየው። በ2016 ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ከተመዘገበው የቨርጂኒያ ሕዝብ 72 በመቶው ወጥቶ መርጧል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2015፣ የምክር ቤቱ መቶ መቀመጫዎችና የሴኔቱ አርባ መቀመጫዎች በሙሉ ለውድድር ሲቀርቡ የወጣው 29.1 በመቶ ነው።

ለምን?

የመጀመሪያው መልስ የቀን መቁጠሪያው ነው። ቨርጂኒያ ከኒው ጀርሲ፣ ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና ጋር የግዛት ሕግ አውጪዎቿን በጎዶሎ ቁጥር ዓመት የምትመርጥ ናት። ፕሬዚዳንትና ኮንግረስ የሚመረጡት በተጋማሽ ዓመት ስለሆነ የግዛቱ ምርጫ ብቻውን ይቆማል። በዚህም ውስጥ ሁለት ዓይነት ዓመት አለ። አንዱ ገዥ የሚመረጥበት ነው፤ በ2013 43 በመቶ፣ በ2017 47.6፣ በ2021 54.9 በመቶ መራጭ ወጥቷል። ሌላው ገዥ የማይመረጥበት ነው፤ ከግዛቱ ሥልጣኖች የተወካዮቹና የሴኔቱ ወንበሮች ብቻ የሚቀርቡበት። በ2011 28.6 በመቶ፣ በ2015 29.1 በመቶ የታየው በእንዲህ ያለ ዓመት ነው። ከወረቀቱ አናት ላይ ሁሉም የሚያውቀው ስም ሲጠፋ ከሥሩ ያሉትም አብረው ይጠፋሉ።

ዝቅተኛው ቁጥር ታሪክም አለው። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ለመምረጥ በዓመት 1.50 ዶላር ግብር መክፈልን ግዴታ አደረገ፤ ያውም ያለፉትን ሦስት ዓመታት ጨምሮ፣ ከምርጫው ስድስት ወር አስቀድሞ። አርቃቂዎቹ ዓላማቸውን አልደበቁም፤ ጥቁሮችን ከምርጫ ማስወጣት ነበር። የጥቁር መራጮች ቁጥር ተንኮታኮተ፤ ብዙ ድሃ ነጮችም አብረው ወጡ። በዚያ ጠባብ የመራጭ ክልል ላይ ሃሪ ባይርድ የመሠረተው የፖለቲካ ሰንሰለት ግዛቲቱን ለአሥርት ዓመታት ገዛ። ጥቂት ሰው የሚመርጥበት ምርጫ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ምቹ ነው፤ ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃልና።

በ1964 የጸደቀው 24ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን ግብር ሻረ፤ ግን ለፌዴራል ምርጫ ብቻ። ስለዚህ ቨርጂኒያዊው ፕሬዚዳንቱን በነፃ ይመርጣል፤ የራሱን ግዛት ሕግ አውጪ ለመምረጥ ግን ይከፍላል። ይህን ያፈረሰችው በፌርፋክስ ካውንቲ ገም ስፕሪንግስ የምትኖር፣ በሰው ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች አኒ ሃርፐር ናት። ኤቭሊን በትስ ከምትባል የኖርፎክ ሴት ጋር ክሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 1966 ስድስት ለሦስት ተፈረደላቸው። ዛሬ የኛ ሰው በፌርፋክስ የምርጫ ጣቢያዎች ያለ ምንም ክፍያ ተሰልፎ ሲመርጥ የሚጠቀምበት መብት በዚያው ካውንቲ ነዋሪ በነበረች ሴት ስም የሚጠራ ፍርድ ያስገኘው ነው። ይህ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በየማኅበሩ ስብሰባ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ግብሩ ከቀረ በኋላም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ መቆየቱ ነው ሌሎቹን ምክንያቶች እንድንፈልግ የሚያስገድደን።

አንዱ ውድድር ነው። በ2015 ከመቶዎቹ መቀመጫዎች በአብዛኞቹ የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ዕጩዎች ፊት ለፊት አልተገናኙም፤ አንዱ ብቻውን ቀርቦ ነበር። ውጤቱ ከመከፈቱ በፊት ለሚታወቅ ውድድር ከሥራ ሰዓቱ ቀንሶ የሚሰለፍ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህም አልፈርድበትም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የወረዳ ካርታ አሳሳል ነው። የፌዴራል ዳኞች በ2018 አሥራ አንድ የተወካዮች ወረዳዎች በዘር ላይ ተመሥርተው በሕገ ወጥ መንገድ ተከልለዋል ብለው ወሰኑ፤ በ2019 ምርጫው በአዲስ ካርታ ተካሄደ። በዚያ ዓመት ገዥ አልተመረጠም፤ የምርጫው ደንብም ገና አልተለወጠም። ቀኑ ያው ማክሰኞ፣ ጣቢያው ያው ትምህርት ቤት ነው። የመራጩ ቁጥር ግን ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው 29.1 ወደ 42.4 በመቶ ዘለለ። ሁለቱም ምክር ቤቶች በጥቂት መቀመጫ ልዩነት ላይ ነበሩ፤ ገንዘቡም ቅስቀሳውም ወደ ቨርጂኒያ ጎረፈ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕን የሚደግፈውም የሚቃወመውም የሚናገረው ነገር ነበረው። ሳይመንድስም በዚያ ዓመት ያንሲን በድጋሚ ገጥማ አሸነፈች፤ በዚህ ጊዜ ዕጣ አላስፈለገም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ማየት ነው። በ2020 ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ለመራጭ ምቹ ከሚባሉት ተርታ ገባች። ያለ ምንም ምክንያት 45 ቀን አስቀድሞ መምረጥ ተፈቀደ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ የማሳየት ግዴታ ቀረ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ወይም ሲያሳድሱ፣ አልፈልግም ካላሉ በቀር፣ መመዝገብ መጣ። ለደቡብ ጦር አዛዦች መታሰቢያ የነበረው በዓል ተሽሮ የምርጫው ቀን የግዛቲቱ በዓል ሆነ። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ደግሞ በምርጫው ዕለት ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በ2023፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች አሁንም በጣት በሚቆጠር ወንበር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ፣ የወጣው መራጭ 40 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ከ2019ኙ ዝቅ ያለ። በከፊል የስሌት ጉዳይ ነው፤ መዝገቡ ሲሰፋ፣ ድሮ ስሙ የማይገኝ ሰው ሲገባበት፣ መቶኛው ይወርዳል። ይሁንና በር መክፈት ብቻውን እንግዳ እንደማያስገባ 2023 በግልጽ አሳይቷል።

የበሩ መከፈት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ምርጫ ጣቢያ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። የግዛቲቱ በዓል የግል ቀጣሪን አያስገድድም፤ ሆስፒታሉም፣ ነዳጅ ማደያውም፣ ሬስቶራንቱም ያን ማክሰኞ ይሠራሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ሁለተኛ ሥራውን ጨርሶ ማታ 3 ሰዓት ለሚገባ ሰው 45ቱ ቀናት፣ በተለይም ቅዳሜዎቹ፣ መምረጥ የሚችልባቸው ብቸኛ ቀናት ናቸው። ችግሩ ይህንን ዕድል ፈጥኖ የሚጠቀምበት ድሮም ይመርጥ የነበረው ሰው መሆኑ ነው። የቤት ባለቤት የሆነ ከተከራይ፣ ሽማግሌ ከወጣት፣ አንድ አድራሻ ላይ ሃያ ዓመት የኖረ በየዓመቱ ቤት ከሚቀይር የበለጠ ይመርጣል፤ በግዛት ምርጫ ይህ ልዩነት ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ይልቅ ይሰፋል። የኛ ሰው ደግሞ ብዙው ተከራይ ነው፤ ብዙው ዜግነቱን ያገኘው በቅርብ ነው።

በአሌክሳንድሪያ ባሉት ረጃጅም የአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ በኦክቶበር ማታ ቤት ለቤት የሚቀሰቅስ አማርኛ ተናጋሪ ወጣት በር ሲያንኳኳ ጨዋታው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል።

«እንደምን አመሹ እትዬ፣ ስለ ምርጫው ነበር የመጣሁት።»

«የምን ምርጫ ልጄ? ባለፈው ዓመት አልቆ የለም እንዴ?»

«እሱ የፕሬዚዳንቱ ነው። ይሄ የስቴቱ ነው፣ የሪችመንዱ።»

«እኔ እኮ እነሱን አላውቃቸውም። ማን ከማን ነው? ቆመህ አይሆንም፣ ግባና አስረዳኝ።»

ሻይ ይቀርባል፤ ወጣቱ ሊያንኳኳ የነበረው ሌላ አሥር በር ይቀርበታል። ግን እትዬ ቀኑን ካላንደራቸው ላይ ጽፈዋል፤ የምርጫ ጣቢያው የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት እንደሆነም አውቀዋል። «አላውቃቸውም» የሚለው መልስ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የማያውቁት ነገር ላይ እጅ ላለማስገባት ካለ ጥንቃቄ ነው። የግዛት ምክር ቤት ዜና በቴሌቪዥን እምብዛም አይወራም። የአገር ቤት ወሬ በዩቲዩብ፣ የዋሽንግተኑ በየጣቢያው ይደርሳል፤ ሪችመንድ መሐል ላይ ይቀራል።

የፊት ለፊት ንግግር ያለውን ኃይል ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ለክተውታል። አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን በ1998 ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዳንዱ በር አንኳኩ፣ ለአንዳንዱ ደብዳቤ ላኩ፣ ለአንዳንዱ ስልክ ደወሉ። በአካል የተነጋገሩት ሰዎች ከሌሎቹ በግልጽ በሚበልጥ መጠን ወጥተው መረጡ፤ ደብዳቤው የጨመረው ጥቂት ነው፣ ስልኩ ምንም። ሁለቱ ከክሪስቶፈር ላሪመር ጋር በ2006 ሚሺጋን ውስጥ ያደረጉት ሌላ ሙከራ ደግሞ አስደንጋጭ ነው። ለአንዱ ቡድን የራሱንና የጎረቤቶቹን ስም እየዘረዘሩ፣ ባለፈው ምርጫ ማን እንደመረጠና ማን እንደቀረ የሚያሳይ ደብዳቤ ላኩ። ምንም ካልተላከላቸው ሰዎች 29.7 በመቶው ሲመርጥ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሳቸው 37.8 በመቶው መረጠ። ይሉኝታ አሜሪካም ውስጥ ይሠራል ማለት ነው። እኔ ግን ሰውን በጎረቤቱ ፊት በማሳፈር የሚገኘውን ድምፅ አልወደውም፤ የእትዬ ሻይ ይሻለኛል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የቅስቀሳ ቡድኖች የሚያንኳኩትን በር የሚመርጡት ከመራጮች መዝገብ ነው። መዝገቡ ለማን እንደመረጡ አይናገርም፤ በየትኛው ምርጫ እንደወጡና በየትኛው እንደቀሩ ግን ያሳያል። ገንዘብና ጊዜ አጭር ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በጎዶሎ ዓመት መምረጡ የታወቀ ሰው ነው። ባለፈው የቀረ ይዘለላል፤ ትናንት ዜጋ የሆነ ታሪክ ስለሌለው ይዘለላል። የተዘለለ አይሰማም፤ ያልሰማ አይወጣም፤ ያልወጣ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይዘለላል። አንድ ሕንፃ ውስጥ አራት በር ተንኳኩቶ አርባው የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ይህንን ክብ መስበር የሚችሉት ከፓርቲዎቹ ይልቅ ዕድሩ፣ ማኅበሩና ቤተ እምነቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ለዕጩ እንዳይቀሰቅሱ የአሜሪካ የግብር ሕግ ይከለክላቸዋል፤ ቀኑን መናገር፣ ሰው ማስመዝገብ፣ መጓጓዣ ማዘጋጀት ግን አልተከለከለም።

በ2021 ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር ታየ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት እየተካሄደ ነበር፤ በባይደን አስተዳደር አቋም የተቆጡ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ቡድኖች ለሪፐብሊካኑ የገዥነት ዕጩ ለግሌን ያንግኪን ድምፅ ስጡ ብለው ቀሰቀሱ። ያንግኪን ከ63 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ፤ የኛ ሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በድፍረት የሚናገር ካለ አልቀበለውም። የሚታየው እውነት ግን፣ በገዥው ምርጫ 2.6 ሚሊዮን ድምፅ የተሰጠበት ግዛት በአራት ዓመት ውስጥ 3.3 ሚሊዮን ደረሰ፤ ሰው የሚቆጭለት ጉዳይ ሲኖረው ጎዶሎ ዓመት እንደማያግደው ማኅበረሰባችንም አሳይቷል። ያዘንኩት በሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን በሐበሻው መካከል በተደረገው ክርክር ውስጥ የሰፈሩ ተወካይ ማን እንደሆነ፣ ስለ ኪራይና ስለ ደመወዝ ምን እንደሚል የጠየቀ ጥቂት ነበር። ገዥ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ አያወጣም።

በግዛት ምርጫ ጥቂት ሰው መውጣቱ የቨርጂኒያ ብቻ ጠባይ አይደለም። በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት በ2014፣ የበጋው ዕረፍት ሊያልቅ ሲል በተደረገው የክልል ምክር ቤት ምርጫ የወጣው መራጭ ከግማሽ በታች ነበር፤ በ2024 ብርቱ ፉክክር ሲመጣ ወደ ሦስት አራተኛ ተጠጋ። በኢትዮጵያ ደግሞ ጥያቄው በዚህ መልኩ አይነሳም፤ የክልል ምክር ቤትና የተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ቀን ነው የሚመረጡት። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መራጩ ሁለት ወረቀት ተቀብሎ፣ እስከ ምሽት በዘለቀ ሰልፍ ቆሞ፣ ሁለቱንም በየሳጥኑ ከቶ ሄደ። መዝገቡም በየምርጫው አዲስ ስለሆነ፣ ለካርዱ አንዴ የተሰለፈ ሰው ለድምፁም የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ የሁለቱን አገሮች መቶኛ ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ማሞገስ ሌላውን መውቀስ ስህተት ነው።

የግዛቱንና የፌዴራሉን ምርጫ በአንድ ቀን የማድረግ ሐሳብ ቨርጂኒያም ውስጥ ይነሳል። ከ2022 ጀምሮ በሜይ ይደረጉ የነበሩ የከተማ ምርጫዎች ወደ ኖቬምበር ተዛውረዋል፤ የግዛቱ ግን ባለበት ነው። ኒውዮርክ በ2023 ባወጣው ሕግ ብዙ የካውንቲና የታውን ምርጫዎቹን ወደ ተጋማሽ ዓመት አሻግሯል። የሐሳቡ ተቃዋሚዎች ሪችመንድ የዋሽንግተን ጫጫታ ውስጥ ትሰጥማለች ይላሉ፤ እውነትም ብዙ ሰው የወረቀቱን አናት ሞልቶ ታችኛውን ባዶ ይተዋል። ይህን ሥጋት አቃልዬ አላየውም። ይሁን እንጂ የዛሬው ዝምታ ለማን እንደሚጠቅም ሳስብ መዛወሩን እመርጣለሁ፤ በጎዶሎው ዓመት የሚቀረው ሰው በዕጣ የተለየ አይደለም፤ ተከራዩ፣ ወጣቱና አዲሱ ዜጋ ነው።

ያ እስኪሆን ድረስ ያለው ቀን መቁጠሪያ የታወቀ ነው። በ2027 የተወካዮቹ መቶ ወንበሮችና የሴኔቱ አርባ ወንበሮች አብረው ይቀርባሉ፤ ገዥ የለም። ቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው ሴፕቴምበር ላይ ነው። የቅስቀሳ ቡድኖች የሚያንኳኩትን በር ከመዝገቡ የሚለዩት ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በበጋው ወራት ነው።